ዕረፍት ፍለጋ እስከ ሪሚኒ

ባለፉት እትሞች ስለ ቤት ውስጥ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ አማቾች ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችን “ይሄ የባለጠጎች ጉዳይ ነው” ብለን የምናልፈውን ነገር እናነሣለን። እርሱም የባልና የሚስት አብሮ ማረፍ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሳይጠራችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራምም ሳይኖር፣ ለማረፍ ብቻ ብላችሁ ሁለት ሆናችሁ ከቤት የወጣችሁት መቼ ነው? መልሱን ለማግኘት ብዙ ማሰብ ካስፈለጋችሁ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው።

ዛሬ የምወስዳችሁ ሰው ሁሉ ለዕረፍት ወደሚሮጥባት አንዲት የጣሊያን ከተማ ነው። ባለቤቴ በቦሎኛ ከተማ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቅዱሳንን ለማገልገል ተጋብዞ ሄደን ሳለ፣ ወገኖች “እስከዚህ መጥታችሁ ባሕሩን ሳታዩማ አትመለሱም” ብለው ይዘውን ሄዱ። ወሩ ኦገስት ነበር። ሰው የሚበዛበት ጊዜ መሆኑን አስቀድመው ነግረውናል፤ ነገር ግን መብዛት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚታወቀው እዚያ ሲደርሱ ነው።

ሪሚኒ የት ናት?

ሪሚኒ ኤሚልያ ሮማኛ በሚባለው የጣሊያን ክልል ውስጥ፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ትገኛለች። ነዋሪዋ 150,000 ያህል ነው። ከቦሎኛ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ትወስዳለች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያነበበ ሰው “አድርያ” የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ የጳውሎስ መርከብ በማዕበል የተንገላታችበት ባሕር ነው። በዚያ ዘመን ስሙ ከዛሬው ይልቅ ሰፊ ነበር፤ ወደ ደቡብ ያለውንም ባሕር ይጨምር ነበር።

የባሕሩ ዳርቻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አሸዋ ነው። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ብዙ ርቀት ገብታችሁም ወገባችሁ ድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ከሌላው ይልቅ ይህን ስፍራ የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። በከተማዋ ከሺህ በላይ ሆቴሎች አሉ። አብዛኞቹ ግን ስማቸው የገነነ ትልልቅ ሆቴሎች ሳይሆኑ፣ ባል፣ ሚስትና ልጆች የሚያስተዳድሯቸው ትናንሽ ማረፊያዎች ናቸው።

ባሕር ዳር ለመዝናናት መሄድ ድሮ ከነበረ ነገር የተወረሰ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በሪሚኒ የመጀመሪያው የባሕር መታጠቢያ ድርጅት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። የከፈቱትም ሁለት ወንድማማች መኳንንትና አንድ ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙ መጨመሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ጨዋማው ውኃ እንደ ሕክምና ይታዘዝ ነበር። ሰው ወደ ባሕሩ የሚገባው እኛ ጠበል ወይም ፍል ውኃ እንደምንለው ለሥጋው ፈውስ ፈልጎ ነው። መዝናኛነቱ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። ታላቁ “ግራንድ ሆቴል” የተሠራው በ1908 ሲሆን፣ ዛሬም ከባሕሩ ፊት ለፊት ነጭ ሆኖ ቆሟል።

ሰዉ ከሁሉ በላይ የሚበዛው በኦገስት 15 (በእኛ ነሐሴ 9) አካባቢ ነው። ቀኑን “ፌራጎስቶ” ይሉታል። ስሙ የመጣው አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ዓመት ከመሠረተው የዕረፍት በዓል ነው። በእርሻና በመከር ለደከሙ ሰዎች የተሰጠ ዕረፍት ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው ያው አውግስጦስ መሆኑን ልብ በሉ። ፋብሪካው፣ መሥሪያ ቤቱና ሱቁ በዚያ ሳምንት ስለሚዘጋ አገሬው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ባሕር ይወርዳል።

የባሕሩ ዳር ሥርዓት

ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ አሸዋ ላይ ተሰብስቦ እንዴት አይረጋገጥም? ምስጢሩ ሥርዓት ነው። የባሕሩ ዳርቻ በቁጥር የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱን ክፍል “ባኞ” ይሉታል፤ ባኞ 26፣ ባኞ 63 እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ባኞ የራሱ ቀለም ያላቸው ጃንጥላዎችና መጋደሚያ ወንበሮች በመስመር በመስመር የተተከሉበት ነው። የጠፋ ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ጃንጥላችሁ ምን ዓይነት ቀለም ነው?” ተብሎ ነው።

ጃንጥላና ወንበር በቀን ወይም በሳምንት ይከራያል። ለውኃው የቀረበው የመጀመሪያው መስመር ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል፤ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ከኋላ የተቀመጠም ሆነ ከፊት የተቀመጠ የሚገባው ወደ አንድ ውኃ ነውና፣ አቅማችሁን አውቃችሁ ተቀመጡ። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ በመካከል በመካከል ነጻ ዳርቻ አለ። የራሳችሁን ፎጣና ጃንጥላ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን በኦገስት ማለዳ ካልደረሳችሁ ቦታ አታገኙም።

ባንዲራውን ሳታዩ ወደ ውኃ አትግቡ። ነጭ ባንዲራ ሲውለበለብ የነፍስ አድን ሠራተኞች በቦታቸው አሉ፣ ባሕሩም ደኅና ነው ማለት ነው። ቀይ ባንዲራ ሲሰቀል አደጋ ስላለ መዋኘት አይገባም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ማዕበሉን ለመስበር የተደረደሩ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ፤ በአጠገባቸው ውኃው ሊጎትት ስለሚችል አትጠጉ። እኛ ሐይቅ እንጂ ባሕር ያላደግንበት ሕዝብ ስለሆንን ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

በአሸዋው ላይ ቦርሳ፣ መነጽርና ጌጣጌጥ ተሸክመው የሚዞሩ ስደተኛ ሻጮችን ታያላችሁ፤ ብዙዎቹ ከሴኔጋልና ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው። በዚያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚራመዱ ሰዎች ናቸውና ባትገዙም ሰላምታ አትንፈጓቸው። የታዋቂ ድርጅት ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ግን አትግዙ፤ በጣሊያን ሕግ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም ይቀጣል።

ብዙ እህቶች ስለ አለባበስ ይጠይቁኛል። በዚያ ያለው ሰው የዋና ልብስ ለብሶ ይውላል፤ የሄዳችሁበት አገር ነውና አትደንግጡ፣ አትፍረዱም። ለእናንተ የሚመቻችሁን ሰዓት መምረጥ ግን በእጃችሁ ነው። አድርያቲክ ከሪሚኒ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ነው። ማለዳ ትራክተሮች አሸዋውን ያበጥራሉ፣ ሠራተኞች ጃንጥላዎቹን አንድ በአንድ ይከፍታሉ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት በእግራቸው ውኃውን እየረገጡ ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ግርግር ያለበት ስፍራ በዚያ ሰዓት እንደ ጸሎት ቤት ጸጥ ያለ ነው።

ለምግብ ብዙ አታውጡ። የአገሩ ሰው የሚበላው “ፒያዲና” የሚሉትን ነው። የእኛን ቂጣ የመሰለ፣ በጋለ ምጣድ ላይ የሚጋገር ስስ ዳቦ ሲሆን፣ ለስላሳ አይብና ቅጠል ተደርጎበት ይታጠፋል። ሊጡ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይቦካል። አሳማ የማትበሉ ከሆነ በወይራ ዘይት የተጋገረውን ጠይቁ፤ ይገኛል።

ከጃንጥላው ሥር የሰማሁት

ከወሰዱን ወገኖች መካከል አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ፈቅደውልኝ ግን ጉዳያቸውን እጽፋለሁ። እርሱ በአንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እርሷ ቀን ቀን አንዲት አረጋዊት ጣሊያናዊት ትጦራለች። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ከባለቤቴ ጋር አሸዋ ስትቆፍር፣ እኔና እህት ከጃንጥላው ሥር ተቀመጥን። ባልየው አጠገባችን ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል።

“እትዬ፣ እንዲህ በቀን ብርሃን አብረን ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን መሰለዎት?” አለችኝ። “እኔ ስገባ እርሱ ይወጣል። እርሱ ሲገባ እኔ ወጥቻለሁ። በር ላይ ነው የምንሳሳመው።”

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጉዳዩን አወጣችው። የባሏ የአጎት ልጅ ጀርመን አገር ሥራ አግኝቶለታል። ደመወዙ ከአሁኑ ይሻላል፤ ነገር ግን ለሁለት ዓመት ብቻውን ሄዶ መሥራት አለበት። አዲስ አበባ የጀመሩት ቤት መሠረቱ ወጥቶ ቆሟል። ውሉን ፈርሞ እስከ ሰኞ መላክ ነበረበት። እኛ የተቀመጥነው ቅዳሜ ነው።

“አንቺስ ምን አልሽው?” አልኳት።

“ምንም። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ሦስት ሳምንት ሆነው። አይተነዋል እንጂ ቁጭ ብለን አላነበብነውም። ‘ይሁን’ ብዬው መተኛት ነው የምፈልገው፤ እርሱም እንደዚያው።”

ወገኖቼ፣ ይህችን የመጨረሻ ቃሏን ያዙልኝ። ይህ ባልና ሚስት አይጣሉም፤ ይዋደዳሉ። በሕይወታቸው ትልቁን ውሳኔ ሊወስኑ የተቃረቡት ግን አስበውበት ሳይሆን ደክሟቸው ነበር።

ከአሸዋው ጀርባ ያለችው ከተማ

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ አሮጌው ከተማ ሄድን። ብዙ ጎብኚዎች ሳምንት ሙሉ ባሕሩ ዳር ሰንብተው ይህችን ከተማ ሳያዩ ይመለሳሉ። ከአሸዋው ተነሥታችሁ የባቡሩን ሐዲድ ከተሻገራችሁ በእግር የምትደርሱባት ናት።

ሮማውያን ከተማዋን “አሪሚኑም” ብለው የመሠረቷት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ268 ዓመት ነው። ከሮም የሚመጣው የፍላሚንያ መንገድ የሚያበቃው እዚህ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው የኤሚልያ መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓመት የሩቢኮንን ወንዝ ከሠራዊቱ ጋር ተሻግሮ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀምር፣ መጀመሪያ የያዛት ከተማ ይህች ነበረች። እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች “ሩቢኮንን ተሻገረ” ሲባል ወደ ኋላ የማይመለሱበትን ውሳኔ ወሰነ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ሳታዩ አትመለሱ። አንደኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት የቆመው የአውግስጦስ የድል በር ነው። ሁለተኛው የጢባርዮስ ድልድይ ነው። ድልድዩ በአውግስጦስ ዘመን በ14 ዓ.ም. ተጀምሮ በጢባርዮስ ዘመን በ21 ዓ.ም. ተፈጸመ። ጌታችን በናዝሬት ባደገበት ዘመን ግንበኞች እዚህ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር ማለት ነው። አምስት ቅስቶች ያሉት ነጭ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ሰው ዛሬም ይሻገርበታል።

በ1989 የተገኘ የአንድ ሮማዊ ሐኪም ቤትም አለ። ቤቱ በሦስተኛው መቶ ዓመት በእሳት ወድሞ፣ ከ150 በላይ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ከፍርስራሹ ሥር ተቀብረው ቆይተዋል። ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። በሕክምና ሙያ ያላችሁ ወገኖች ብታዩት ትደነቃላችሁ።

የ359ኙ ጉባኤ

ወደ ድልድዩ ስንደርስ ባለቤቴ ቆሞ አንድ ታሪክ ነገረን። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስንማር የሪሚኒን ስም ሁለታችንም አግኝተነዋል፤ ባሕር ዳርነቷን ግን መጽሐፉ አልነገረንም ነበር።

የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ካጸና በኋላ ክርክሩ አልቆመም። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ክርክሩን በራሱ ፈቃድ ለመዝጋት በ359 ዓ.ም. ሁለት ጉባኤዎችን ጠራ። የምሥራቆቹ ዛሬ ቱርክ በሆነችው አገር በሴሌውቅያ ተሰበሰቡ። የምዕራቦቹ፣ ከ400 በላይ ጳጳሳት፣ በዚህችው በሪሚኒ ተሰበሰቡ።

አብዛኞቹ በመጀመሪያ ጸንተው ቆሙ። የኒቅያን እምነት አንለውጥም ብለው ወደ ንጉሡ መልእክተኞች ላኩ። ንጉሡ ግን አልቸኮለም። መልእክተኞቹን አቆይቶ፣ ተጭኖ፣ “ባሕርይ” የሚለውን ቃል ባስወገደ ሌላ ጽሑፍ ላይ አስፈረማቸው። በሪሚኒ የቀሩትንም የእርሱ ሹም ሳትፈርሙ ከከተማዋ አትወጡም ብሎ ያዛቸው። ወራት አለፉ። በጋው ሄዶ ብርዱ ገባ። ስንቃቸው አለቀ። ከብሪታንያ ከመጡት ሦስቱ ድሆች ስለ ነበሩ በመንግሥት ቀለብ ይኖሩ እንደ ነበር ተጽፏል። በሰባተኛው ወር፣ አገሩ የናፈቀው፣ ብርዱ የጎዳው፣ ተራ በተራ እየሄደ ፈረመ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሃያ ያህል ነበሩ፤ እነርሱም በማሻሻያ ቃላት ተባብለው ፈረሙ።

ልብ በሉ፤ በክርክር የተሸነፉ አይደሉም። ሰይፍም ያረፈበት አንገት አልነበረም። የተረቱት በመሰልቸትና በድካም ነው። ብዙዎቹ አገራቸው ገብተው ዐረፍ ሲሉ ያደረጉትን አይተው ፊርማቸውን ሻሩ። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም የኒቅያን እምነት አጸና።

ባለቤቴ ታሪኩን ሲጨርስ ያ ወንድም የድልድዩን ድንጋይ በእጁ እየዳበሰ ዝም አለ። ከዚያ፣ “ፓስተር፣ ታዲያ ቢያርፉ ኖሮ አይፈርሙም ነበር?” ብሎ ጠየቀ።

“እርሱን አላውቅም፣ ወንድሜ” አለው ባለቤቴ። “የማውቀው የፈረሙት ደክሟቸው እንደ ነበር ነው።”

ሚስቱ ባሏን አየችው። እርሱም አያት። ሌላ ነገር አልተባለም፤ ልጅቷ አይስክሬም ስለ ጠየቀች ወደ አደባባዩ ሄድን።

ዕረፍት የሚሸጡት ሰዎች

አደባባዩ “የሦስቱ ሰማዕታት አደባባይ” ይባላል። በኦገስት 16 ቀን 1944 ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ይቃወሙ የነበሩ ሦስት ወጣቶች የተሰቀሉበት ስፍራ ነው። ከተማዋ በ1943ና በ1944 በተደጋጋሚ በአየር ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሷል። ከጀርመኖች እጅ የወጣችው በሴፕቴምበር 21 ቀን 1944 ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምናያቸው በሺህ የሚቆጠሩ ማረፊያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓሣ አጥማጁ፣ ግንበኛውና ገበሬው ቤቱን አድሶ ለእንግዳ አከራየ። እናቶች ምግብ አበሰሉ፣ አንሶላ አጠቡ። አባቶች ዕቃ ተሸከሙ። ልጆች በአስተናጋጅነት አደጉ። ስለ ሪሚኒ ሲወራ ስለ ፀሐይና ስለ አሸዋ ይወራል፤ ከተማዋን የሠራት ግን የእነዚያ እናቶች ወጥ ቤት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከነዚህ ሰዎች የተማርኩት አንድ ነገር አለ። በክረምት አብዛኞቹ ሆቴሎች ይዘጋሉ። ጃንጥላው ይነቀላል፣ ወንበሩ ይሰበሰባል፣ አሸዋው ባዶውን ይቀራል። ለሌላው ዕረፍት የሚያቀርበው ሰው የራሱን ዕረፍት የሚያገኝበት ወቅት አለው። አገልጋይ የሆናችሁ ባለትዳሮች ይህን አስቡበት። ዓመቱን ሙሉ በሩን የማይዘጋ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሊባል ይችላል፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች ግን መቼ ይተኛሉ? ጌታ ኢየሱስም ደቀ መዛሙርቱ የሚበሉበት ጊዜ እስኪያጡ ሰው ሲመላለስባቸው ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ይዟቸው እንደ ሄደ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። ሕዝቡ ግን ቀድሞ ደረሰ፤ ጌታም አዘነላቸው። ዕረፍት ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይሳካም ማለት ነው፤ ነገር ግን መነሣቱ የእርሱ ሐሳብ ነበር።

ለምትሄዱም ለምትቀሩም

በአውሮፓ የምትኖሩና ወደ ሪሚኒም ሆነ ወደ ሌላ የባሕር ዳር ከተማ ለመሄድ የምታስቡ ባለትዳሮች፣ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ከተቻላችሁ ኦገስትን ተዉት። በጁን መጀመሪያ ወይም በሴፕቴምበር ሰዉ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ በሴፕቴምበር ውኃው ገና ሞቃት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት “ለአንተ ዕረፍት ምንድን ነው? ለአንቺስ?” ተባባሉ። ለአንዱ መተኛት ነው፣ ለሌላው ማየትና መዞር ነው። ይህን ሳይነጋገሩ የሄዱ ሰዎች ሦስቱን ቀን ሲነታረኩ ይጨርሱታል። ጠዋቱን ለአንዱ፣ ማታውን ለሌላው አካፍሉት።

ሦስተኛ፣ መኪና ባይኖራችሁ አትጨነቁ። ከቦሎኛ ባቡር አለ። ከሪሚኒ ወደ ጎረቤቷ ሪቾኔ ደግሞ በራሱ መንገድ የሚሄድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ አለ።

አራተኛ፣ ስልካችሁን ለተወሰነ ሰዓት ዝጉት። ጉዳዩ የሞት የሽረት ከሆነ ሰው ፈልጎ ያገኛችኋል።

“እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ሪሚኒን ተይና ሐዋሳም ርቆናል” የምትሉ ብዙ እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። ስለ ሪሚኒ የጻፍኩት እንድትቀኑባት አይደለም። እዚያ ያየሁት፣ ባሕሩ ራሱ ማንንም እንደማያሳርፍ ነው። በመጀመሪያው መስመር ውድ ወንበር ላይ ተጋድመው ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ የሚውሉ ባልና ሚስት አይቻለሁ። ልጆቹን ለእህታችሁ ወይም ለጎረቤት ሰጥታችሁ በአንድ ቅዳሜ ከሰፈር ወጣ ብላችሁ፣ ሁለት ሻይ አዝዛችሁ ብትቀመጡ ከእነርሱ በልጣችኋል።

ስለዚያ ባልና ሚስት ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። እሑድን ከጃንጥላው ሥር ተኝተው፣ ተነሥተውም ሲነጋገሩ ዋሉ። እህት ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ይዛው ስለ ነበር መስመር በመስመር አነበቡት። ሰኞ ዕለት ወንድም ደውሎ ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፤ አንድ ሳምንት ሰጡት። በመጨረሻ ምን እንደ ወሰኑ አልጽፍም፤ የቤታቸው ጉዳይ ነው። መሄድ ኃጢአት አይደለም፣ መቅረትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። የቤት መሠረት አውጥቶ ያቆመ ሰው ጭንቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ደስ ያለኝ የወሰኑት ነቅተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሆኑ ነው።

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት

1. አሁን በቤታችን ተለጥፎ ያላነበብነው ወረቀት፣ ማለትም ሳንነጋገርበት የቆየ ውሳኔ አለ ወይ?

2. ደክሞን “ይሁን” ያልነው፣ በኋላ ግን ዐርፈን ስናየው የከበደን ነገር ምን ነበር? አሁንስ ሊስተካከል ይችላል?

3. የእኛ ቤት “ክረምት” መቼ ነው? በዓመት ውስጥ በሩን ለእንግዳና ለሥራ የምንዘጋበት ጊዜ የትኛው ነው?

4. በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ሆነን የምንወጣበትን ቀን ዛሬውኑ በቀን መቁጠሪያው ላይ እንጻፍ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ፤ ድካማችሁን ያሳርፍ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በሰላም ቆዩኝ።